ስለ አውቶሞቢል ንጽሕና፤ ውድ መሣሪያ ይሻላልን ወይስ የቤት ብልኃት?

የድሬዳዋ ከተማ የተወለደችው ከመኪና ጋር ነው ቢባል ነገሩ ከእውነት አይርቅም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ በታች ካለው ሜዳ በደረሰ ጊዜ፥ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር መግባት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ጣቢያው በሜዳው ላይ ተሠራ፤ በጣቢያውም ዙሪያ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ ተቈረቈረች። በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ ታየ፤ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዘመን ከባሕር ማዶ የሚመጣው መኪናና መለዋወጫ ብዙው የሚያልፈው በዚህች ከተማ በኩል ነበረ። ዛሬም በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር፥ በመጋላም ጠባብ መንገድ፥ ባጃጁ፥ ታክሲው፥ ከባድ መኪናውና የመሥሪያ ቤቱ ቶዮታ እየተጋፉ ሲተላለፉ ይውላሉ። ይህ ሁሉ ተሽከርካሪ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት። እንግዲህ በምን ይታጠብ? የሚለው ጥያቄ የቀለለ ቢመስልም ቅሉ፥ ብዙ ገንዘብና ብዙ ውኃ የሚጠፋበት ነገር ስለ ሆነ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በዚህ ነገር የባለ መኪናው ሐሳብ በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን፥ ከውጭ አገር በብዙ ገንዘብ የመጣ የግፊት ማጠቢያ፥ የአረፋ መርጫ፥ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማወልወያና ሴራሚክ የሚባለው ቅብ ካልተገዛ መኪና ጠራ አይባልም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ይህ ሁሉ የነጋዴ ማባበያ ነው፤ አንድ እፍኝ የዱቄት ሳሙና፥ አንድ ባልዲ ውኃና አንድ አሮጌ ሸሚዝ ይበቃል ይላል። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ከፊሉንም ስተዋል።

ነገሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የከበደበት ምክንያት አለ። ቀድሞ መኪናው ቀለሙ የነጣና የዛገ ሰው ሸጦ ሌላ ለመግዛት ያስብ ነበር። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገባው አሮጌ መኪና ላይ እጅግ የከበደ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይም በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ማገዱን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ በባንክ 57 ብር ግድም የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ በአንድ በኩል በእጅ ያለው መኪና ቀለም እንደ ትልቅ ንብረት የሚጠበቅ ሆነ፤ በሌላው በኩል ደግሞ ያንን ቀለም ለመጠበቅ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹም ለመኪና ማጽጃ ግዢ ሲፈርም የሚፈርመው በሕዝብ ገንዘብ ላይ እንደ ሆነ የታወቀ ነው።

መድኃኒት ከመግዛት በፊት በሽታውን ማወቅ ይገባል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ቈላማ ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። በሰሜን በኩል ያለው የሽንሌ ሜዳ ነፋስ በተነሣ ቍጥር አቧራውን ወደ ከተማው ይልካል። ደቻቱ የተባለው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ብዙ ሰው የፈጀ ቢሆንም፥ የዓመቱን አብዛኛውን ወራት የሚያሳየው ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው፤ ነፋስም ከአሸዋው ላይ ደቃቁን እያነሣ በመኪናው ጣራ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ደቃቅ አሸዋ ከመኪና ቀለም ይልቅ የጠነከረ ነው። በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል መኪናውን የሚያጠራው ይመስላል፤ የሚሠራው ግን የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው።

ከአቧራው የሚብሰው ውኃው ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ተራራ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በኢጣልያ ወረራ ዘመን በዚህች ከተማ የተቋቋመው ይህ ድንጋይ በቅርብ ስላለ ነው። ዝናቡም በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲሰርግ ኖራውን እያሟሟ ይወርዳል፤ ከተማው ከሳቢያን ጉድጓዶች እየቀዳ ለብዙ ዘመን የተጠቀመበትም ውኃ ይህንን ኖራ የተሸከመ ነው። በድሬዳዋ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይህንን ያለ መምህር ያውቀዋል፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ፥ የቧንቧውንም አፍ የሚያጠበው ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ውኃ በጋለ መኪና ላይ ሲፈስ ውኃው ተንኖ ይሄዳል፥ ኖራው ግን ይቀራል፤ በማግሥቱም መኪናው እንደ ፈንጣጣ ነጭ ነጥብ ለብሶ ይገኛል። ነጥቡ በሳሙና አይለቅም፤ ቈይቶም ፀሐይ ሲመታው ቀለሙን እየበላ ቦታውን ያጐደጕዳል። በፋብሪካው አቅጣጫ የሚያድር መኪናማ ሌላ መከራ አለበት፤ የሲሚንቶው ብናኝ በሌሊት እርጥበት ሲርስ በኮፈኑ ላይ እንደ ልስን ይደርቃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚያጠቃው ቀለም ምን ያህል ውፍረት ቢኖረው ነው? ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራው መኪና አብዛኛው ከመሠረቱ ቀለም በላይ ጥርት ያለ እንደ መስታወት የሚያሳይ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን 40 ወይም 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚባለውም የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እጅ ነው። የሰው ጠጕር 70 ማይክሮን ግድም ስለ ሆነ፥ መኪናውን ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ከአንዲት ጠጕር የሳሳ ነው ማለት ነው። በሐረር ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆኖ የኖረው ፔዦ 404 ግን አሠራሩ ሌላ ነበር። የፔዦው ቀለም አንድ ወጥ ስለ ነበረ፥ ሲደበዝዝ በማወልወያ ዱቄት ቢፈተግ ጨርቁ በቀለም ይነከር ነበር፤ ከሥሩም አዲስ የመሰለ ቀለም ይወጣ ነበር። አሮጌው ሹፌር ከዚያ ዘመን ይዞት የመጣው ልማድ በዛሬው መኪና ላይ ጥፋት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሽፋኑ ተፍቆ ካለቀ ቀለም ቤት ከመሄድ በቀር ሌላ መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ቤት ብልኃቱ እንመለስ ቢባል፥ በመጀመሪያ የሚገኘው የዱቄት ሳሙና ነው። የዱቄት ሳሙና የተሠራው ለልብስ ነው። የልብስን ቅባት ለማውጣት ብርቱ ሆኖ ስለ ተቀመመ የመኪናውንም መከላከያ ሰም ጠርጎ ይወስዳል፤ የመስኮቱንም ጎማ ያደርቃል። ከዚህም በቀር በቀዝቃዛ ውኃ ሳይሟሟ የሚቀረው ፍሬ ከጨርቁ ጋር ሆኖ ቀለሙን ይፍቃል። የሙልሙል ልብስ ሳሙና ደግሞ በኖራማ ውኃ ሲመታ አረፋ ከመስጠት ይልቅ እርጎ የመሰለ ዝቃጭ ይሠራል፤ የድሬዳዋ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ የሚማረሩበት ነገር ነው። የዕቃ ማጠቢያው ፈሳሽ ሳሙና ከሁለቱ ይሻላል፤ ጠባዩ ለዘብ ያለ ነውና በአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ማንኪያ ያህል ቢጨመርበት አልፎ አልፎ ለማጠብ አይከፋም። ሰሙን ግን እርሱም ይወስዳል። ለመኪና ተብሎ የተሠራው ሻምፖ ዋጋው ከዚህ ቢበልጥም፥ አንዱ ጠርሙስ በጣም እየቀጠነ ለብዙ እጥበት ስለሚበቃ በአንድ እጥበት ሲታሰብ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ በሳሙና ላይ መቈጠብ፥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው።

ሁለተኛው የቤት ብልኃት ናፍጣና ነጭ ጋዝ ነው። በናፍጣ የተወለወለ መኪና ለአንድ ቀን እንደ ሙሽራ ያበራል፤ በማግሥቱ ግን ቅባቱ የሽንሌን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል። ናፍጣ የሚጠቅምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከአስፋልት ተፈናጥሮ በፓራፋንጎው ላይ የተለጠፈውን ጥቍር ሬንጅ በትንሽ ጨርቅ ነክቶ ለማንሣትና ወዲያው በሳሙና ለማጠብ ነው። በቤንዚን ማጠብማ የቀለሙ ጕዳት ቀርቶ የሰውም ሕይወት የሚያሠጋ ነው፤ ትነቱ እሳት ይጠራል፥ የአጣቢውንም ልጅ እጅ ያቈስላል። ጎማ ለማጥቈር የተቃጠለ ዘይት የሚቀባም አለ። ዘይት ጎማን የሚያበሰብስ ከመሆኑም በላይ ወደ ፍሬኑ የተረጨ እንደ ሆነ መኪናው በዳገት ላይ አልቆም ይላል። የፍሬን ዘይትማ ቀለምን እንደሚልጥ ማናቸውም መካኒክ ያውቃል።

ስለ ሰም የሚነገረው ግን ሰፋ ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ በማርና በሰም ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ናት፤ የሰሙንም ክብር ከጧፍ ጋር የኖሩት ካህናት ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። እንግዲህ በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈበት አንዲት ጣሳ የመኪና ሰም በብዙ መቶ ብር ከመግዛት፥ የአገሩን ሰም በተርፔንታይን አሟሙቶ መቀባት አይሻልምን? የሚል ጠያቂ ቢነሣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያወለውሉት በዚህ ድብልቅ ነው፤ በውጭ አገር ከሚሠራውም የመኪና ሰም ውስጥ የንብ ሰም የሚገባበት አለ። ዳሩ ግን የንብ ሰም በ62 ወይም በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በቈላ ፀሐይ የዋለ የጥቍር መኪና ጣራ ደግሞ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጧፍ በፀሐይ ላይ ቢያድሩት እንደማይቆም ሁሉ፥ የንብ ሰም የተቀባ መኪናም በድሬዳዋ ቀትር ላይ ሰሙ ለስልሶ አቧራውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። በብራዚል ሰሜናዊ ምሥራቅ ከሚበቅለው ካርናውባ ከሚባል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ሰም ግን ከ82 ዲግሪ በፊት አይቀልጥም፤ የሚወደደውም በዚህ ጠባዩ ነው። ስለዚህ በዚህ አንድ ነገር የውጭው ዕቃ በድሬዳዋ ለዋጋው የሚበቃ ነው። የአገሩ ሰም በደጋው ለቆመ ነጭ መኪና፥ ከዚያም ይልቅ ለመኪናው የቆዳ መቀመጫ፥ ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን በር እንጨት ቢውል ከዋጋው በላይ ያገለግላል።

የቤቱ ዕቃ የውጭውን የሚረታበትም ቦታ አለ። ነጩን የኖራ ነጥብ ለማጥፋት ተብሎ በትንሽ ጠርሙስ በውድ የሚሸጠው መድኃኒት ዋናው ኀይሉ አሲድ ነው፤ አቼቶም እንዲሁ አሲድ ነው። አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ንጹሕ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ፥ መኪናው በጥላ ቀዝቅዞ ሳለ በለስላሳ ጨርቅ ቢነካና ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ በብዙ ውኃ ቢታጠብ፥ ያልቈየውን ነጥብ ያነሣል፤ ቀጭኑንም የሲሚንቶ ልስን ያላላል። ሎሚም ይሠራል፤ ነገር ግን ከአቼቶው ስለሚበረታ በፀሐይ ላይ ቀብቶ መተው አይገባም። የመኪናን መስታወት ለማጥራትም፥ ከታጠበ በኋላ በረጠበ አሮጌ ጋዜጣ ቢወለወል ጭረትና ብናኝ አይተውም። መቼም ለጋዜጣ ከተነበበ በኋላ እንዲህ ያለ አገልግሎት ማግኘት ውርደት አይደለም፤ ሳይነበብ ወደ መስታወት የሚሄደው ግን ያሳዝናል።

ስለ ማጠቢያው ጓንት የሚባለው ደግሞ የሚያስገርም ነው። በአውሮፓ መኪና በማጥራት ሙያ የሠለጠኑት ሰዎች የሚመርጡት፥ ዋጋውም የከበደው የእጅ ጓንት ከምን ተሠርቶ ነው ቢሉ ከበግ ለምድ ነው። ጠጕሩ ረዥም ስለ ሆነ አሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከቀለሙ ጋር አይፋተግም። የበግ ለምድ ደግሞ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ራሱ ጥቍር የሶማሌ በግ ጠጕሩ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ለዚህ አይሆንም፤ የደጋው የመንዝ በግ ግን ጠጕሩ ረዥም ነው። የትልቁ በግ ጠጕር ሻካራ ስለ ሆነ የግልገሉ ተመርጦ፥ በደንብ ታጥቦ ስቡ ከወጣለትና ጓንት ሆኖ ከተሰፋ፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሚያስቀናው ነገር የለውም። ይህ ሥራ ለአንድ ቆዳ ፋቂና ለአንድ ሰፊ እንጀራ ሊሆን የሚችል ነው።

የቤት ብልኃት የሚናቅ እንዳልሆነ ድሬዳዋ ራሷ ምስክር ናት። የምድር ባቡሩ ትልቅ ጋራዥ በዚህች ከተማ ነበረ። ከፈረንሳይ የሚመጣ መለዋወጫ በዘገየና በጠፋ ጊዜ ሠራተኞቹ ብረቱን እየቀረጹ የጐደለውን ዕቃ በእጃቸው ሲሠሩ ኖረዋል፤ አሮጌው ሐዲድ ሥራውን ካቆመና አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መንገደኛና ዕቃ ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ እንኳ የቀድሞው ሎኮሞቲቭና መሣሪያ በዚያው ግቢ ይታያል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሠራተኞቹ ብረቱን የሚቀርጹበት ቶርኖ ራሱ ከውጭ በብዙ ገንዘብ የመጣ መኪና መሆኑ ነው። ልኩ የሚወሰንበት መሣሪያ ተገዛ፤ የቀረው በእጅ ተሠራ። በመኪና ጽዳትም ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ከቀለሙ ጋር በቀጥታ በሚነካካውና ውኃን በሚቈጥበው ነገር ላይ ነው፤ ከዚህ የተረፈው በቤት ብልኃት ይሸፈናል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ሊገዛ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ማይክሮፋይበር የሚባለው ጨርቅ ነው። ይህ ጨርቅ ከሐርም ይልቅ ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር የተሸመነ ነው። ክሩ በተሠራ ጊዜ እየተሰነጠቀ ብዙ ጠርዝ ስለሚያወጣ ውኃውን ይመጣል፤ አቧራውንም እየገፋ ከመጐተት ይልቅ ወደ ውስጡ ያስገባል። በድሬዳዋ ኖራማ ውኃ መኪናው ራሱ እስኪደርቅ መተው የማይገባ ስለ ሆነ፥ ፈጥኖ የሚያደርቅ ጨርቅ ከማናቸውም ውድ ቅብ ይልቅ ይጠቅማል። አሮጌው ሸሚዝ ቍልፉና ስፌቱ ካልወጣለት ቀለሙን ይጭራል፤ ከጥጥም ቢሆን ለቸርኬና ለሞተር ይሁን እንጂ ለኮፈን አይሁን። ማይክሮፋይበሩም ቢሆን አንድ ጊዜ መሬት ላይ ከወደቀ ታጥቦ አሸዋው ሳይወጣ ወደ መኪናው ሊመለስ አይገባውም፤ ከሌላ ልብስ ጋር በፈላ ውኃም አይታጠብ።

ሁለተኛው ባልዲ ነው። አንዱ ባልዲ ሳሙና የተቀላቀለበትን፥ ሁለተኛው ጓንቱ የሚለቀለቅበትን ውኃ ይይዛል። በባልዲው ሥር የሚቀመጥና አሸዋው ተመልሶ እንዳይነሣ የሚያግድ ወንፊት የመሰለ ክዳን ከውጭ አገር ይመጣል፤ ዋጋውም የሚያስቅ ነው። አንድ የፕላስቲክ ክዳን በጋለ ሚስማር ተበሳስቶ ከባልዲው ሥር በጠጠር ላይ ቢቀመጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የግፊት ማጠቢያውን ነገር ግን በችኮላ መፍረድ አይቻልም። ይህ መኪና በጀርመን አገር ኬርሸር በሚባለው ፋብሪካ በ1942 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል፤ በኢትዮጵያም ላቫጆ ቤቶች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ብዙ ሰው የሚመስለው ግፊቱ ስለ በረታ ውኃ የሚያባክን ነው፤ እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከቧንቧ በጎማ የሚፈሰው ውኃ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሆን፥ አነስተኛው የግፊት ማጠቢያ 7 ሊትር ያህል ብቻ ይወስዳል። አንድ መኪና 10 ደቂቃ ቢታጠብ በጎማው 150 ሊትር፥ በማጠቢያው 70 ሊትር ይሄዳል ማለት ነው። በቀን 20 መኪና የሚያጥብ ላቫጆ በዚህ ስሌት በየቀኑ 1,600 ሊትር፥ በ25 የሥራ ቀን ደግሞ 40,000 ሊትር ውኃ ያተርፋል። የመጠጥ ውኃ በተራ በሚታደልበት ሰፈር ይህ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ለላቫጆ ቤት መሣሪያው ውድ ቢሆንም ዋጋውን ይመልሳል። መኪናውን በሳምንት አንድ ቀን በግቢው ለሚያጥብ ሰው ግን ሁለት ባልዲ፥ ማለት 40 ሊትር ውኃ ይበቃዋልና የግፊት ማጠቢያ መግዛቱ ጌጥ ነው። አቧራውን አስቀድሞ ለማርጠብና ለማላላት ገበሬ በጀርባው የሚሸከመው መርጫ እንኳ ይሠራል፤ ፀረ አረም ያልገባበት አዲስ ይሁን እንጂ። በአረፋ መርጫ መኪናውን እንደ በረዶ ማልበስ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ከዚህ በላይ የሚሠራው ሥራ ይህ መርጫ ከሚሠራው እምብዛም አይበልጥም።

በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማወልወያ የባለሙያ መሣሪያ ነው። ይህን ዋጋ ለመሸሽ ብሎ በትራፓኖ ጫፍ ላይ የለምድ ቍራጭ አሥሮ የሚያወለውል አለ፤ ትራፓኖ ግን እንጨትና ብረት ለመብሳት የተሠራ እንጂ ልኩ ለቀለም የተመጠነ አይደለም። በአንድ ቦታ ላይ ጥቂት ከቈየ ያንን ከጠጕር የሳሳ ሽፋን አቃጥሎ ይልጠዋል። የውጭውም ማወልወያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥታ የሚሽከረከረው ብርቱ ነው፥ በማያውቅ እጅም አደገኛ ነው፤ እየተወዛወዘ የሚዞረው ግን ለጀማሪ ይታገሣል። ሁለቱም ቢሆኑ በተወለወለ ቍጥር ጥቂት ማይክሮን ከሽፋኑ ይፍቃሉና በየበዓሉ የሚደረግ ነገር አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት አምስት መኪና ኖሮት ለራሱ ማወልወያ ቢገዛ፥ መሣሪያው በዓመት አንድ ቀን ሠርቶ የቀረውን ቀን ዕቃ ቤት ሲያድር ይኖራል።

ሴራሚክ የሚባለው ቅብ ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት ነው። ከአሸዋና ከመስታወት ጋር አንድ ባሕርይ ካለው ከሲሊካ የሚሠራ ሲሆን፥ በቀለሙ ላይ ደርቆ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን የሚሆን ሽፋን ይተዋል። ውኃ ያንጠባጥባል፤ ለማጠብም ያቀልላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ያህል የሳሳ ነገር የደቻቱን አሸዋ ከነጨርቁ ይመክታል ማለት ከእውነት የራቀ ነው። ከዚህም በላይ ውኃው በላዩ ላይ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ በፀሐይ ሲደርቅ ኖራው በአንድ ነጥብ ላይ ይከማቻል፤ ነጭ ነጥቡም ያልተቀባውን መኪና እንደሚያጠቃ ሁሉ የተቀባውን ያጠቃል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ለሚወለውል ባለ መኪና ሴራሚክ መቀባት፥ በተቀደደ ጣራ ሥር ምንጣፍ እንደ ማንጠፍ ነው።

በመጨረሻ ውድ ከሆኑት መሣሪያዎች ለድሬዳዋ የማይመቸው ውኃን ከማዕድን የሚያጠራው ማጣሪያ ነው። በሌላ አገር መኪና በዚህ ውኃ ከታጠበ ሳይወለወል ነጥብ ሳይተው ይደርቃል። ማጣሪያው ግን የሚይዘው የማዕድን መጠን የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ውኃው ኖራ በበዛበት መጠን ቶሎ ያልቃል፤ በጣም በሚያስፈልግበት ከተማ በጣም ፈጥኖ የሚደክም መሣሪያ ነው። በእርሱ ፈንታ የሰማይ ውኃ አለ። በበልግና በክረምት 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 50 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ ቢወርድ፥ የሚባክነው ሳይቈጠር 500 ሊትር ይሆናል፤ ኖራም የለበትም። መጀመሪያ የሚወርደው ጣራውን አጥቦ ከፈሰሰ በኋላ የሚከተለው በበርሜል ቢጠራቀም፥ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ብቻ እየተቀዳ ብዙ ወራት ይበቃል። ዝናቡም ባይኖር፥ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ በጥላ ሥር ክፍል በክፍል አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው። በመሥሪያ ቤት ግቢ በቀትር የጋለውን መኪና በጎማ እያጠቡ ለምሳ መሄድ የሚታይ ልማድ ሆኖ ሳለ፥ ስለ ውድ ቅብ ግዢ ማመልከቻ መጻፍ አይገጥምም።

ከዚህ ሁሉ ጋር መኪናውን ካጠበ በኋላ ስለሚወርደው ውኃ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሳሙና፥ ዘይትና ናፍጣ የተቀላቀለበት እጣቢ በመንገድ ዳር ወርዶ ወደ ደቻቱ አሸዋ ይሰርጋል፤ ከተማውም የሚጠጣው ከመሬት ሥር የሚቀዳውን ውኃ ነው። ለላቫጆ ቤት በውጭ አገር የሚሸጠው የዘይት መለያ መሣሪያ የብዙ ብር ዕቃ ነው። ዳሩ ግን ዘይት ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ፥ በድሬዳዋው ሲሚንቶ የተለሰነ፥ በመካከሉ ግድግዳ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ጉድጓድ ቢቈፈር ይበቃል። እጣቢው በመጀመሪያው ክፍል ሲያርፍ አሸዋው ወደ ታች ይዘቅጣል፥ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውኃው በግድግዳው ሥር በተተወው ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል። የተንሳፈፈው ዘይት በየሳምንቱ በቆርቆሮ ተቀድቶ በበርሜል ይቀመጣል፤ የዘቀጠው አሸዋ ደግሞ በወር አንድ ጊዜ በአካፋ ይወጣል።